የድመትን ሽንት በቤት መከታተል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንድ ድመታችሁ አሁን ቁጢጥ ብሎ እያማጠ ሽንት ጠብ አልልለት ካለ ይህን ገጽ ትታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋ ደውሉ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል። ከታች ያሉት ድመት የሚያሳድጉ ሰዎች ስለ ሽንት ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። አብዛኞቹ መልሶች መሣሪያ አይጠይቁም። የሚጠይቁት አሸዋውን ስትጠርጉ ዓይናችሁ እዚያው እንዲሆን ነው።

ጤነኛ ድመት በቀን ስንት ጊዜ ትሸናለች?

ያደገች ድመት ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 ጊዜ። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም፤ መታወቅ ያለበት የራሷ የድመቷ ልማድ ነው። ሁልጊዜ 2 ጊዜ የምትሸና ድመት ድንገት 6 ጊዜ ከተመላለሰች፣ ወይም 3 ጊዜ የነበረው ወደ 1 ከወረደ ምክንያት አለው።

መጠኑን በተመለከተ፣ 4 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ድመት የቀን ሽንቷ ሁሉ ቢጠራቀም ከአንድ እስከ ሁለት የቡና ሲኒ ቢሞላ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ከለያችሁ ለሐኪሙ ትልቅ ሥራ አቀለላችሁለት፦ የምትመላለሰው ትንሽ ትንሽ እየሸናች ነው ወይስ በእያንዳንዱ ጊዜ ብዙ? ጠብ ጠብ የሚል ከሆነ ችግሩ ታች ነው፤ ፊኛዋ ወይም የሽንት ቱቦዋ ተቆጥቷል። በእያንዳንዱ ጊዜ ብዙ ከሆነ ኩላሊት፣ ስኳር ወይም የታይሮይድ ዕጢ ይጠረጠራል። ሰው ሁለቱንም "ሽንት በዛባት" ይላል፤ ሕክምናቸው ግን ጭራሽ አይገናኝም።

የሚሸጠውን የድመት አሸዋ አልገዛም። በምን ልቁጠር?

ሽንት ሲነካው የሚቋጠረው አሸዋ ለመቁጠር የተመቸ መሆኑ እውነት ነው። ጠዋትና ማታ ጓሎቹን ስታወጡ ብዛታቸውንና መጠናቸውን ታያላችሁ፤ የምትጠራጠሩት ነገር ካለ በፌስታል አድርጋችሁ በሚዛን መመዘን ትችላላችሁ። ባይኖርም ግን ይሠራል። የታጠበና የደረቀ የግንባታ አሸዋ በሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ አራት አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሙሉና የረጠበውን ቦታ ቁጠሩ። ማታ አስተካክላችሁ ከተዋችሁት ጠዋት የተጫረው ሁሉ ይታያል። ተጭሮ ያልረጠበ ቦታ በርከት ካለ ልብ በሉ፤ ሞክራ አልሆንላት ብሎ ሊሆን ይችላል።

ሰጋቱራ ሽታ ይይዛል እንጂ ሽንቱን መጥጦ ስለሚያጠፋው ለመቁጠር አይመችም። አመድ ደግሞ ጨርሶ ይቅር። የረጠበ አመድ መዳፏን ይቆጣዋል፤ ሽንቷን መመርመር ብትፈልጉም ውጤቱን ያዛባባችኋል።

የሳፋው ቁጥር ከድመቶቹ ቁጥር በአንድ ቢበልጥ ይመረጣል፤ ርዝመቱም የድመቷ ሰውነት ርዝመት አንድ ተኩል እጥፍ። ጠባብ ወይም ያልተጠረገ ሳፋ ላይ የምትሸናው በግድ ነው፤ ሽንት መያዝ ደግሞ ለፊኛዋ አይበጅም።

ድመቴ የምትውለው ውጭ ነው፤ የት እንደምትሸና እንኳ አላውቅም።

አይጥ እንድትይዝ የመጣች የግቢ ድመት ሁሉ እንዲህ ናት። ግቢው ጥግ ላይ፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ፣ ልል አሸዋ ብታፈሱላት ብዙዎቹ ድመቶች ከጠንካራ መሬት እሱን ይመርጣሉ፤ ያኔ የምታዩት ነገር ይኖራል። ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ውሃ፣ ምግብና ሳፋ አድርጋችሁ ለ24 ሰዓት አንድ ክፍል ውስጥ አቆዩአት። ቤት ውስጥ ሁለት ድመቶች ኖረው "የትኛዋ ናት?" ለሚለውም መፍትሔው ይኸው ነው።

ሌላው ክብደት ነው። በወር አንድ ጊዜ ድመቷን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑ፣ ቀንሱ። 4 ኪሎ የነበረች ድመት 400 ግራም ቀነሰች ማለት 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 6 ኪሎ እንደቀነሰ ነው። በዓይን ግን በፀጉሯ ተሸፍኖ አይታይም።

ስለ ወንድ ድመት ለምን እንዲህ ይወራል?

የወንዱ የሽንት ቱቦ ረጅምና ጠባብ ነው፤ በተለይ ጫፉ ላይ በጣም ይጠባል። ከፊኛው የሚወርድ ንፍጥ መሰል ነገርና ጥቃቅን ክሪስታል ተጣብቆ እንደ ቡሽ ይወትፈዋል፤ አንዳንዴም ትንሽ ጠጠር ትሰነቀራለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ቱቦው በቁጣና በመኮማተር ብቻ ይዘጋል። ሴቷ ላይም አልፎ አልፎ ይደርሳል፣ ግን ብርቅ ነው።

ሽንት መውጫ ሲያጣ ፊኛው ይወጠራል፣ ኩላሊቱ ማጣራቱን ያቆማል፣ መውጣት የነበረበት ፖታሲየም ደም ውስጥ ይከማቻል። ልብ የሚቆመው በዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ድመት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ "እስከ ሰኞ እንየው" የሚያዋጣ አይደለም።

ምልክቱ ይህን ይመስላል፦ ሳፋው ላይ እየወጣ እየወረደ ቁጢጥ ማለት፣ ማማጥ፣ መጮህ፣ ብልቱን ያለማቋረጥ መላስ፣ ሲነኩት መቆጣት። ቀጥሎ ምግብ ይዘጋበታል፣ ያስመልሰዋል፣ ጨለማ ጥግ ይፈልጋል፣ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ማስመለስ ከጀመረ ጊዜው እያለቀ ነው። ሆዱን ቀስ ብላችሁ ስትነኩ የኋላ እግሮቹ ፊት ለፊት ጠንካራ ድቡልቡል ነገር ሊሰማችሁ ይችላል፤ በምንም ዓይነት አትጫኑት፣ ሊፈነዳ ይችላል።

ሐኪሙ ድመቱን አደንዝዞ ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ የሽንት መውጫውን ይከፍታል፣ በደም ሥር ፈሳሽ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም ለጥቂት ቀናት ያስተኛዋል። ከተከፈተ በኋላ ባሉት ቀናትና ሳምንታት ደግሞ መዘጋት የተለመደ ስለሆነ ቆጠራው ይበልጥ መጥበቅ ያለበት ቤት ከገባ በኋላ ነው።

የሆድ ድርቀት መስሎኝ ዘይት ሰጠሁት። ምን ችግር አለው?

የዘይቱ ጉዳት ያባከነው ሰዓት ነው። የሚያምጥ ድመት ከኋላ ሲታይ የደረቀበትና የተዘጋበት አይለይም፤ ስለዚህ ወንድ ድመት ሲያምጥ ሌላ እስኪረጋገጥ ድረስ ሽንት ነው ብሎ መነሳት ይሻላል። በተጨማሪም በግድ የሚጋት ዘይት ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል።

ሽንቷ ላይ ደም አየሁ። አሞክሲሲሊን ልስጣት?

አይሆንም፤ ይህ ሰፊ ማብራሪያ የሚገባው ጥያቄ ነው። በሰው፣ በተለይ በሴቶች፣ የሽንት ማቃጠል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ኢንፌክሽን ነው። በወጣትና በመካከለኛ ዕድሜ ድመቶች ግን ባክቴሪያ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚሸፍነው። አብዛኞቹ ላይ የሚገኘው ምንም ተሕዋስ የሌለበት የፊኛ መቆጣት ነው፤ ከጭንቀት ጋር በጥብቅ ይያያዛል። ቤት መቀየር፣ አዲስ ውሻ፣ የጎረቤት ግንባታ፣ ለበዓል የመጣ እንግዳና ግቢ ውስጥ ታስሮ የሚጮህ በግ ሁሉ ድመትን ያስጨንቃሉ። ሰው በዓል ሲያከብር እሷ ከአልጋ ሥር ደም ትሸናለች።

ይህ ዓይነቱ፣ ቱቦው እስካልተዘጋ ድረስ፣ ባብዛኛው በሳምንት ገደማ በራሱ ይበርዳል። መድኃኒቱ አዳናት የሚባለውም ለዚህ ነው፤ አሞክሲሲሊን ሰጥተው በሳምንቱ ሲሻላት ምስጋናው ለእንክብሉ ይሄዳል። ከወራት በኋላ ሲመለስ ግን ያው እንክብል በድጋሚ ይገዛል፣ ጠጠር ካለም ሳይታይ ያድጋል። ዕድሜያቸው ከ10 ዓመት ያለፈ፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ድመቶች ላይ ኢንፌክሽን ይበዛል፤ እሱም ቢሆን በሽንት ምርመራ ተረጋግጦ ነው የሚታከመው።

ሕመሟን ለማስታገስ ብላችሁ ፓራሲታሞል እንዳትሰጡ። የድመት ጉበት ሊያስወግደው አይችልም፤ አንድ የ500 ሚሊ ግራም እንክብል ሊገድላት ይበቃል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ኩላሊቷን ይመታሉ።

ፋርማሲ የሚሸጠው የሰው ሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይሠራል?

በከፊል። ስኳርን፣ ደምንና የአሲድነት መጠንን በጥሩ ግምት ያሳያል፣ ፕሮቲንንም እንዲሁ በግምት። የነጭ የደም ሕዋስ መደቡ ግን ለድመት አይታመንም፤ ጤነኛ ሽንት ላይም ቀለም ይቀይራልና "ኢንፌክሽን አለ" ብላችሁ እንዳትደነግጡ። የሽንቱን ውፍረት የሚለካው መደብም አይረባም። ሐኪሙ ውፍረቱን በመነጽር በሚታይ ትንሽ መሣሪያ ይለካል፤ ንጹህ ውሃ 1.000 ሲሆን የጤነኛ ድመት ሽንት ባብዛኛው ከ1.035 በላይ ይሆናል።

ስኳር ከታየ፣ በተለይ ውሃ የምታበዛና እየበላች የምትከሳ ድመት ከሆነች፣ በዚያው ሳምንት ደም መመርመር አለባት። የደነገጠች ድመት ሽንት ላይም ስኳር ሊታይ ስለሚችል ቤት ውስጥ ተረጋግታ ሳለች የተወሰደው ናሙና ይሻላል። ወረቀቱ በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ሰከንድ መነበብ አለበት፤ ክዳኑ ክፍት ያደረ ብልቃጥ ደግሞ ዋጋ የለውም።

ሽንቷን እንዴት አድርጌ እይዛለሁ?

አብራችሁ አትሩጡ። ሳፋውን በሙቅ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ፣ በደንብ አለቅልቃችሁ፣ አድርቃችሁ ባዶውን አስቀምጡት፤ አንዳንዷ ባዶ ላይ ትሸናለች። እምቢ ካለች ውሃ የማይመጥ ነገር በስሱ በትኑ፤ ታጥቦ የደረቀ የዓሣ ማርቢያ ጠጠር ይሆናል። ከሸናች በኋላ ሳፋውን አዘንብሉና መርፌ በሌለው ስሪንጅ ቅዱ። ወረቀቱን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ንከሩ። ወደ ላቦራቶሪ የሚሄድ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥና በዚያው ቀን ይድረስ፤ ሲቀዘቅዝ ክሪስታል ሊፈጠርበት ስለሚችል መቼ እንደተወሰደ ንገሯቸው። ለባክቴሪያ ምርመራ ከሳፋ የተቀዳ አይሆንም፤ ያንን ሐኪሙ በመርፌ ከፊኛዋ ይወስዳል።

ውጭ አገር የሚሸጠው ቀለም የሚቀይር አሸዋ ይጠቅማል?

ጥቂት ይጠቅማል። የሚያሳየው ባብዛኛው የአሲድነት ለውጥን ነው፤ አሲድነቱ ደግሞ ከምግብ በኋላ በራሱ ዝቅ ይላል። አረንጓዴ ሆነ ብሎ መረበሽም፣ አልተቀየረም ብሎ መዘናጋትም አያስፈልግም። ለተዘጋበት ድመት ፋይዳው ባዶ ነው፤ ሽንት ከሌለ ቀለም የለም። ለእኔ ገንዘቡ እርጥብ ምግብ ላይ ቢውል ይሻላል።

ምን ያህል ውሃ መጠጣት አለባት?

4 ኪሎ የምትመዝን ድመት በቀን ወደ 200 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ትፈልጋለች፤ ምግቧ ውስጥ ያለው ጭምር ነው። እርጥብ ምግብ ከመቶ 70 እስከ 80 እጁ ውሃ ስለሆነ እሱን የምትበላ ድመት ሳህኑን ላትነካ ትችላለች። ደረቅ ምግብ ግን ከመቶ 10 ገደማ ብቻ ነው ውሃው፤ ደረቅ ብቻ የምትበላ ድመት ሽንቷ ይወፍራል። ክሪስታልና ጠጠር የሚመቻቸው ወፍራም ሽንት ነው።

ለመለካት ጠዋት በመለኪያ ሞልታችሁ በማግሥቱ የቀረውን ቀንሱ፤ ለጥቂት ቀናት ድገሙት። ድመቷ በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለት 4 ኪሎዋ 400 ያህል ከጠጣች ያለ ጥርጥር በዝቷል፤ ከዚያ በታችም ቢሆን ከልማዷ እጥፍ ከሆነ ሐኪም ይያት።

እንድትጠጣ ለማድረግ ሰፊ ሳህን፣ ከሳፋው የራቀ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሦስት ቦታ። ጨው፣ ሽንኩርትና ቅመም ሳይነካው ሥጋ የተቀቀለበት ውሃ ጥሩ ማባበያ ነው። ወተት ግን የብዙ ድመቶችን ሆድ ያስቀምጣል፤ የጨመረላችሁን ውሃ መልሶ ይወስደዋል።

የምንበላውን ወጥ ነው የምትበላው። ከሽንቷ ጋር ግንኙነት አለው?

አለው፤ ከሁሉ በፊት በሽንኩርቱ። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉ። መብሰሉ አያድነውም፣ መድረቁም እንዲሁ፤ ስለዚህ ቁሌቱ ብቻ ሳይሆን ነጭ ሽንኩርት የገባበት በርበሬና ሽሮ ዱቄትም አለበት። የተሰበረው ደም በኩላሊት ሲወጣ ሽንቱ ቀይ ወይም የተጠመቀ ሻይ ዓይነት ይሆናል። ድድዋን ገለጥ አድርጉ፤ ነጣ ካለ ወይም ወደ ቢጫ ከሄደ ጉዳዩ ፊኛ አይደለም፣ ደም ነው፣ አስቸኳይ ነው።

ሁለተኛው ጾም ነው። ድመት አትጾምም። ሥጋ የሚበላ እንስሳ ሽንት ወደ አሲድነት ያደላል፤ ሽሮና እንጀራ ብቻ ሲሆን አሲድነቱ ይቀንስና ስትሩቫይት የሚባለው ክሪስታል እንዲፈጠር ይመቻል። ከዚያም በላይ ታውሪን የተባለውን ለልቧና ለዓይኗ የሚያስፈልጋትን ንጥረ ነገር ከእህል አታገኝም። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋ ቤት መግባት የማይፈልግ ሰው የድመት ምግብ አስቀድሞ መግዛት ይችላል። በነገራችን ላይ የስትሩቫይት ጠጠር በሐኪም በሚታዘዝ ልዩ ምግብ ሊሟሟ ይችላል፤ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባለው ግን አይሟሟም፣ በቀዶ ሕክምና ወይም በመሣሪያ ይወጣል። በዓይን አይለዩም።

አልጋዬ ላይ ሸናች። ቂም ይዛ ነው?

ድመት ቂመኛ ናት ይባላል፤ አልጋው ላይ የምትሸና ድመት ግን ብዙ ጊዜ ያመማት ናት። ሳፋውን ከሕመሙ ጋር ታያይዘዋለች፣ ስለዚህ ለስላሳ ወይም ቀዝቃዛ ቦታ ትሞክራለች፤ አልጋ፣ የልብስ ክምር፣ ገንዳ፣ የመታጠቢያ ሳህን። መምታት ጭንቀቱን ይጨምራል፣ ጭንቀቱ ደግሞ ፊኛዋን።

ቆሞ፣ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ እያንቀጠቀጠ ግድግዳና መጋረጃ ላይ የሚረጭ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ክልሉን እያመለከተ ነው። ያልተኮላሸ ወንድ ከሆነ ማኮላሸት ከ10ሩ 9ኙን ያህል ያስተዋል። ማኮላሸት ቱቦውን ያጠብባል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ከተኮላሸ በኋላ የሚመጣው ውፍረት ነው የሚያስቸግረው።

ዐረብ አገር በሰው ቤት ነው የምሠራው። አሸዋውን የማጸዳው እኔ ነኝ፤ ለውጥ ባይ ምን ላድርግ?

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ እህቶች ከባለቤቶቹ ቀድማችሁ ታያላችሁ። ድመቱ ሲያምጥ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹና ለማዳም ወዲያው ላኩ፤ ደረቁን አሸዋም ፎቶ አንሱ። ቋንቋ ቢያጥርም ቪዲዮው ይበቃል። የላካችሁበት ሰዓት መታየቱ ደግሞ ድመቱ አንድ ነገር ቢሆን "ለምን አልነገርሽኝም" ከመባል ይጠብቃችኋል። በራሳችሁ መድኃኒት አትስጡ። የአበባ ማስቀመጫ ውስጥ ሊሊ ካለም ንገሯቸው፤ የሊሊ ቅጠል፣ ዱቄቱ፣ የተነከረበት ውሃ ሳይቀር የድመትን ኩላሊት በሁለት ሦስት ቀን ሊያቆም ይችላል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ አሸዋውን ልንካ?

ሌላ ሰው ቢጠርገው ይመረጣል። ሰው ለፅንሱ የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሕዋስ የሚወጣው በዓይነ ምድሯ ነው እንጂ በሽንቷ አይደለም፤ ከወጣም በኋላ ለመጋባት ከ1 እስከ 5 ቀን ይፈልጋል። ሌላ ሰው ከሌለ ጓንት አድርጋችሁ በየቀኑ ጥረጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጥሬ ሥጋና በደንብ ያልታጠበ ሰላጣም ያው አደጋ አላቸው።

ድመቴ 12 ዓመቷ ነው። ውሃ አበዛች፣ ግን ደህና ትመስላለች።

በዕድሜ የገፉ ድመቶች ላይ የኩላሊት ሕመም የተለመደ ነው፤ የሚጀምረውም እንዲህ በዝምታ ነው። ክሬያቲኒን የሚባለው የደም ምርመራ ከፍ የሚለው የኩላሊቱ ሥራ ሦስት አራተኛ ገደማ ከጠፋ በኋላ ስለሆነ የቤት ቆጠራችሁ ከላቦራቶሪው ሊቀድም ይችላል። ከ10 ዓመት በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል በ6 ወር፣ ሽንትና ደም ይታይ። የደም ግፊቷም ይለካ፤ ከኩላሊት ጋር የሚመጣ ግፊት ድመትን ባንድ ቀን ሊያሳውር ይችላል።

ሐኪም ጋ ስሄድ ምን ልያዝ?

አስቀድማችሁ ደውሉ። አገር ቤት ብዙዎቹ የእንስሳት ሐኪሞች ሥራቸው ከብት፣ በግና ዶሮ ላይ ስለሆነ "ድመት ታያላችሁ? የድመት ካቴተር አላችሁ?" ብሎ መጠየቅ መንገድ ይቆጥባል። አዲስ አበባ የቤት እንስሳት ክሊኒኮች አሉ፤ ቢሾፍቱ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ማስተማሪያ ሆስፒታል አለ። ስልኩን ድመቱ ሳይታመም ፈልጋችሁ ያዙት።

መጨረሻ የሸናችበትን ሰዓት፣ የምትበላውን፣ የሰጣችኋትን መድኃኒት ሁሉ ንገሩ፤ አሞክሲሲሊኑንም አትደብቁ። በጆንያ አትውሰዷት። ቀዳዳ የተበሳበት ካርቶን ወይም ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ፎጣ አንጥፉላት። ሕመም ላይ ያለች ድመት ለማዳ ብትሆንም ትነክሳለች፤ ከነከሰቻችሁ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥባችሁ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ቢኖርም ባይኖርም፣ ጤና ጣቢያ ሂዱ።